ከክልከላ ወደ ዝግጅት፦ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ደኅንነት ታሪክ፣ ተጓዳኝ ሕመም ካለባቸው የድብርት ሕሙማን አንፃር

መግቢያ

ከባድ የድብርት ሕመም ያደረበት ሰው ምግብና ውሃ እስከ መተው፣ ከአልጋ አልነሣም እስከ ማለት፣ ሞትንም እንደ ዕረፍት እስከ መናፈቅ ይደርሳል። ሕመምተኛው በዕድሜ የገፋ፣ የልብ ድካም ያለበት ወይም በቅርቡ ስትሮክ የመታው በሆነ ጊዜ ደግሞ ሐኪሙን ሁለት ስጋቶች ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። አንደኛው፣ ከድብርቱ ፈጥኖ ሊያወጣው የሚችለው ሕክምና ልቡን ወይም አንጎሉን ይጎዳው ይሆን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ፈርቶ ሲዘገይ ሕመሙ ራሱ ይቀድመው ይሆን የሚል ነው። የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ታሪክ በአመዛኙ በእነዚህ ሁለት ስጋቶች መካከል የተደረገ ጉዞ ታሪክ ነው።

ባለሙያዎች በአጭሩ ኢሲቲ የሚሉት ይህ ሕክምና፣ በሰመመን ላይ ባለ ሕመምተኛ ራስ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች የተመጠነ ኤሌክትሪክ በመስጠት፣ የሚጥል በሽታ ሲነሣ የሚታየውን ዓይነት መንፈራገጥ በአንጎል ውስጥ መቀስቀስ ነው። አንድ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይታከማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በአንድ ወቅት «ልብ ሕመም ላለበት አይሰጥም»፣ «ለሽማግሌ አይሆንም» ይባል የነበረው ሕክምና ዛሬ ለእነዚሁ ሕሙማን በጥንቃቄ ሊሰጥ የቻለው በምን መንገድ እንደሆነ ለጤና ባለሙያዎች ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከካምፎር ወደ ኤሌክትሪክ

ኢሲቲ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ መንፈራገጥ በመድኃኒት ይቀሰቀስ ነበር። በ1934 የሃንጋሪው ሐኪም ላዲስላስ ሜዱና በቡዳፔስት ካታቶኒያ ለነበረበት ሕመምተኛ በዘይት የተበጠበጠ ካምፎር በመርፌ ሰጠ። የሜዱና መነሻ፣ ስኪዞፍሬኒያና የሚጥል በሽታ በአንድ ሰው ላይ አብረው አይኖሩም፣ አንዱ ሌላውን ያባርራል የሚል ግምት ነበር። ግምቱ ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ የአንዳንድ ሕሙማን መሻል ግን እውነት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሜዱና በካምፎር ፋንታ ፈጥኖ በሚሠራው ካርዲያዞል መጠቀም ጀመረ። ካርዲያዞል የራሱ የሆነ ከባድ ችግር ነበረው። መድኃኒቱ ከተወጋ በኋላ መንፈራገጡ እስኪመጣ ባሉት ቅጽበቶች ሕመምተኛው ሙሉ በሙሉ ነቅቶ ሳለ ሊነገር የማይችል የሞት ፍርሃት ይይዘው ነበር። ብዙዎች ሁለተኛ መርፌ አንወስድም ይሉ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሮም ዩኒቨርሲቲ የነርቭና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የነበረው ኡጎ ቸርለቲና ረዳቱ ሉቾ ቢኒ ይህንኑ መንፈራገጥ በኤሌክትሪክ ለማምጣት ተነሡ። በመጀመሪያዎቹ የውሾች ሙከራዎች አንደኛው ኤሌክትሮድ በአፍ፣ ሌላው በፊንጢጣ ይቀመጥ ስለነበር ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ያልፍና ከእንስሳቱ ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር። ቢኒ የአሟሟታቸው ምክንያት ይህ መሆኑን ተረዳ። በሌላ በኩል ቸርለቲ በሮም ቄራ አሳማዎች በኤሌክትሪክ እንደሚገደሉ ሰምቶ ሄዶ ሲመለከት፣ እንስሳቱ በራሳቸው ላይ ኤሌክትሪክ ሲደርስባቸው ይንፈራገጡና ራሳቸውን ይስቱ ነበር እንጂ አይሞቱም ነበር፤ የሚሞቱት በዚያው ሁኔታ ላይ እንዳሉ በቢላዋ ሲታረዱ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች ከዚህ በመነሣት ኤሌክትሪኩ በራስ ላይ ብቻ ካለፈ ሕይወት እንደማያጠፋ፣ በደረት በኩል ካለፈ ግን ሊገድል እንደሚችል አረጋገጡ። በሚያዝያ 1938 የመጀመሪያው ሰው በዚህ ዘዴ ታከመ።

ስለዚህ የደኅንነት ጥያቄ በኢሲቲ ላይ በኋላ የተጨመረ አይደለም። ሕክምናው ወደ ሰው የተሻገረው «ልብን የሚገድለው የትኛው መንገድ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ በኋላ ነው። በኤሌክትሪክ የታከመ ሰው ወዲያውኑ ራሱን ስለሚስት፣ በካርዲያዞል ጊዜ የነበረው ፍርሃትም ቀረ። በዚያን ጊዜ በሮም የነበረው ሎታር ካሊኖቭስኪ ዘዴውን ወደ ምዕራብ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ካደረሱት አንዱ ሆነ። በ1940ዎቹ ውስጥ ደግሞ ለስኪዞፍሬኒያ ታስቦ የተጀመረው ሕክምና ይበልጥ የሚጠቅመው በከባድ ድብርት ለተያዙ ሕሙማን መሆኑ እየታወቀ ሄደ። ይህ ግኝት የታካሚውን ዓይነት ለወጠው። ከባድ ድብርት በዕድሜ በገፉ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎችም ላይ ስለሚደርስ፣ ከወጣቶች ጋር አረጋውያንም ወደ ሕክምናው ክፍል መምጣት ጀመሩ።

አጥንትን ማዳን

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እጅግ ያስጨነቀው ጉዳት የአጥንት ስብራት ነበር። ሕክምናው ያለ ሰመመንና ያለ ጡንቻ ማላያ ይሰጥ ስለነበር፣ የመላ ሰውነት ጡንቻ በአንድ ጊዜ በኃይል ሲኮማተር የጀርባ አጥንት ይጨፈለቅ፣ ክንድና ዳሌ ይሰበር ነበር። በ1939 በአሜሪካ በታተመ ጥናት በካርዲያዞል የታከሙ ሕሙማን ራጅ ሲነሡ ከመቶ ከአርባ የሚበልጡት የጀርባ አጥንት ስብራት ተገኝቶባቸዋል። በኤሌክትሪክ የሚመጣው መንፈራገጥም ከዚህ ጉዳት ነፃ አልነበረም። አጥንታቸው ለሳሳ አረጋውያን ይህ ብቻውን በቂ ክልከላ ነበር።

በ1940 በኔብራስካ ይሠራ የነበረው ሐኪም አብራም ቤኔት ኩራሬን ተጠቅሞ ስብራትን መከላከል እንደሚቻል አሳተመ። ኩራሬ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለአደን ፍላጻ ይቀቡት የነበረ የዕፅዋት መርዝ ሲሆን፣ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት ይዘጋል። ስብራቱ በእርግጥ ቀነሰ፤ ይሁን እንጂ የኩራሬ መጠን ጥቂት ሲያልፍ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያሽመደምዳል፤ ሥራውም ቶሎ አያልቅም። በዚያን ዘመን በብዙ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሰመመን ሰጪ ባለሙያም ሆነ ትንፋሽ መርጃ መሣሪያ ስላልነበረ፣ አያሌ ሐኪሞች «ስብራቱ ይሻላል፤ መድኃኒቱ ይገድላል» ብለው ቀድሞው አሠራር ላይ ጸኑ።

መፍትሔው የመጣው ሥራውን በጥቂት ደቂቃዎች ከሚጨርሰው ሳክሲኒልኮሊን ነው። የስዊድን ሐኪሞች ጉናር ሆልምበርግና ስቴፈን ቴስሌፍ በ1952 መድኃኒቱን ለዚሁ ሕክምና መጠቀማቸውን አሳተሙ። ነቅቶ ሳለ ጡንቻው የተሽመደመደ ሰው ግን መተንፈስ እያቃተው ሁሉን ስለሚሰማ፣ አስቀድሞ በሰመመን ማስተኛት ግድ ሆነ። የተኛና የማይተነፍስ ሰው ደግሞ ኦክስጅን በማስክ ሊገፋለት ይገባል። በዚህ ዓይነት አጥንትን ለማዳን የገባው መድኃኒት ሰመመንን፣ ሰመመን ኦክስጅንን፣ ሁለቱም የሠለጠነ ሰመመን ሰጪን እየጠሩ አስገቡ። ዛሬ «የተሻሻለ ኢሲቲ» የምንለው አሠራር እንዲህ ደረጃ በደረጃ የተገነባ ነው።

ሽግግሩ ፈጣን እንዳልነበረ በሕግ ታሪክ ስሙ የታወቀው የቦላም ጉዳይ ይመሰክራል። ጆን ቦላም የድብርት ሕመምተኛ ሲሆን፣ በ1954 በለንደን በሚገኘው ፍራየርን ሆስፒታል ኢሲቲ ሲሰጠው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት አልተሰጠውም። በመንፈራገጡ ኃይል በሁለቱም ወገን የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ስለ አደጋው አስቀድሞ እንዳልተነገረውም ገልጾ ከሰሰ። በ1957 በተሰማው ክርክር ባለሙያዎች ሁለት ሆነው ቆሙ፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቱ ለሁሉም ይሰጥ ሲሉ፣ ሌሎቹ የመድኃኒቱ አደጋ ከስብራቱ ይብሳል አሉ። ዳኛው፣ አንድ ሐኪም በሙያው ኃላፊነት ባላቸው ባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት ያለውን አሠራር ከተከተለ ቸልተኛ እንደማይባል ለጁሪው አስረዱ፤ ጁሪውም ለሆስፒታሉ ፈረደ። ይህ «የቦላም መመዘኛ» ለአሥርት ዓመታት በእንግሊዝና የእንግሊዝን ሕግ በሚከተሉ አገሮች የሕክምና ስሕተት መለኪያ ሆኖ ኖረ። በ2015 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንትጎመሪ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ግን አደጋን ለሕመምተኛ የማሳወቅ ግዴታ በሐኪሞች ልማድ ብቻ እንደማይለካ፣ ለዚያ ሕመምተኛ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ሊነገረው እንደሚገባ ተደነገገ። ቦላም ያነሣው ሁለተኛ ጥያቄ ተገቢውን ምላሽ ያገኘው ከስልሳ ዓመት በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ልብን ማወቅ

የአጥንቱ ችግር ሲቃለል የሚበልጠው ስጋት ወደ ልብ ዞረ። የብዙዎች ግምት ኤሌክትሪኩ ራሱ ልብን ይመታል የሚል ነበር። በእርግጥ ግን በራስ ላይ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ልብ ዘንድ አይደርስም። ልብን የሚፈትነው ከአንጎል በነርቮች የሚወርደው ትእዛዝ ነው። ይህም በተከታታይ ደረጃዎች ይመጣል።

ኤሌክትሪኩ እንደተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቬገስ ነርቭ ይነቃቃና የልብ ምት ይቀንሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች ጨርሶ ይቆማል። መንፈራገጡ ሲጀምር ሲምፓቴቲክ ሥርዓቱ ይነሣል፤ አድሬናሊን በደም ውስጥ ይበዛል፤ የልብ ምትና የደም ግፊት በእጅጉ ይጨምራሉ። መንፈራገጡ ሲያበቃ ምቱ እንደገና ዝግ ሊል ይችላል። ጤናማ ልብ ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል። የልብ ደም ስሮቹ የጠበቡ ሰው ግን ምቱና ግፊቱ በናሩበት ቅጽበት ልቡ የሚሻውን ኦክስጅን ላያገኝ ይችላል። የአኦርታ በር በጣም የጠበበበት ሰው የግፊቱን መዋዠቅ መቋቋም ይቸግረዋል። የማይትራል በር የጠበበበት ሰው ደግሞ ልቡ ሲፈጥን ደም ወደ ሳንባው ሊከማችበት ይችላል። ልቡ በደከመና ሳንባው ውሃ በቋጠረ ሰው ላይም አደጋው እንዲሁ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ከታወቀ በኋላ ለየደረጃው መከላከያ ተገኘለት። የመጀመሪያውን የምት መቀነስ ለመግታት አትሮፒን ወይም ግላይኮፒሮሌት፣ ሁለተኛውን የግፊትና የምት መናር ለማለዘብ ላቤታሎል ወይም ቶሎ የሚጠፋው ኤስሞሎል ይሰጣሉ። ነገር ግን እነዚህም ያለ ምክንያት የሚወረወሩ አይደሉም። አትሮፒን ምትን ስለሚያፋጥን የልብ ደም ስር ለጠበበበት ሰው ራሱ ሸክም ሊሆን ይችላል። የተሰጠው ኤሌክትሪክ አንሶ መንፈራገጥ ሳይነሣ ሲቀር ደግሞ ቬገስን የሚቃወም ሲምፓቴቲክ ምላሽ አይመጣም፤ ሕመምተኛው አስቀድሞ ቤታ ገቺ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ የልብ መቆሙ ሊረዝም ይችላል። ልብን ለመጠበቅ የተሰጠው መድኃኒት ራሱ አደጋ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

«ልብ ሕመም ያለበት ሰው ኢሲቲ ከሚሰጠው መድኃኒት ይውሰድ» የሚለው ምክር ለብዙ ጊዜ የጥንቃቄ ምክር መስሎ ቆይቷል። ኢሚፕራሚን በ1957 ለድብርት እንደሚጠቅም ሮላንድ ኩን ካሳወቀ በኋላ የተስፋፉት ትራይሳይክሊክ መድኃኒቶች ግን በልብ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ላይ ጫና ያሳድራሉ፤ ሲቆም የሚወርድ የደም ግፊትም ያመጣሉ። በ1993 ዚየሊንስኪና ባልደረቦቹ የልብ ሕመም የነበረባቸውን 40 የድብርት ሕሙማን የልብ ሕመም ከሌለባቸው 40 ሕሙማን ጋር አነጻጽረው አሳተሙ። የልብ ሕመምተኞቹ በኢሲቲ ወቅት ብዙ የልብ ችግር ገጥሟቸዋል፤ አብዛኛው ግን ጊዜያዊ ነበር፤ ከ40ዎቹ 38ቱም ሕክምናቸውን ጨርሰዋል። የልብ ሕመምተኞቹ ቀደም ሲል ከሞከሯቸው የትራይሳይክሊክ ሕክምናዎች ግማሽ ያህሉ በልብ ችግር ሳቢያ ተቋርጠው ነበር። ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር መጨበጥ ይቻላል። የልብ ሕመም አደጋውን ይጨምራል፤ ይህ አይካድም። አማራጩ ሕክምናም የራሱ አደጋ ስላለው፣ ኢሲቲን መከልከል በራሱ ሕመምተኛውን ማዳን አይደለም። ሰርትራሊንን የመሰሉ ለልብ የተሻሉ መድኃኒቶች ከመጡ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል፤ ይሁንና ሥራቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ምግብና ውሃ የተወ ሰው እነዚያን ሳምንታት ላያገኝ ይችላል።

ድብርቱ ራሱ ለልብ ጠላት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በ1993 ፍራሹር ስሚዝና ባልደረቦቿ በሞንትሪያል የልብ ጡንቻ ጉዳት የደረሰባቸውን 222 ሕሙማን ተከታትለው፣ ከባድ ድብርት የነበረባቸው በስድስት ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ድብርቱን ማከም ሞቱን ያስቀራል ወይ የሚለው ከዚህ ጥናት አይገኝም፤ ሕመሙን ዝም ብሎ መተው ግን አስተማማኝ መንገድ ነው ብሎ ለመናገር እንደማያስደፍር ግልጽ ነው።

አንጎል፣ ጡንቻና ማሕፀን

በመንፈራገጥ ወቅት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ስለሚጨምር በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊትም ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት በቀደሙት የመማሪያ መጻሕፍት የአንጎል ዕጢና የራስ ቅል ግፊት መጨመር ፍጹም ክልከላ ተብለው ተጽፈው ይገኛሉ። የአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያዎች ከተስፋፉ በኋላ ነገሩ ተለየ። ትንሽ የሆነ፣ በዙሪያው እብጠት የሌለውና የራስ ቅል ግፊት ያላስከተለ ዕጢ ያለባቸው ሕሙማን ያለ ጉዳት መታከማቸው በተከታታይ ተዘገበ። ግፊቱ የጨመረበት ሰው ግን ዛሬም ከከፍተኛው የአደጋ ክልል አልወጣም። በአንጎል ውስጥ አኑሪዝም ያለባቸው የደም ግፊታቸው በጥብቅ እየተጠበቀ የታከሙባቸው ዘገባዎች አሉ። ከስትሮክ በኋላ፣ በተለይም ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ የሚቻል ከሆነ ጊዜ መስጠት ይመረጣል።

ጡንቻን የሚያላላው ሳክሲኒልኮሊንም ለአንዳንዶች አደጋ አለው። ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ የተኛ፣ በካታቶኒያ የደረቀ፣ ሰፊ ቃጠሎ የደረሰበት ወይም ጡንቻው ከነርቭ የተለያየበት ሰው መድኃኒቱ ሲሰጠው ከጡንቻው የሚወጣው ፖታስየም በደሙ ውስጥ ድንገት ከፍ ብሎ ልቡን ሊያቆም ይችላል። ከባድ ድብርት ራሱ ሰውን አልጋ ላይ ስለሚያውል፣ «ከመቼ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም?» የሚለው ቀላል ጥያቄ ሕይወት ያድናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሮኩሮኒየምን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ይመረጣል። ለአስም ቴኦፊሊን የሚወስድ ሰው መንፈራገጡ ሳይቆም ሊቀጥልበት ስለሚችል መድኃኒቱ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል። የስኳር ሕመምተኛው ለሰመመን ሲጾም ኢንሱሊኑ መስተካከል አለበት። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ሊታከም ይችላል፤ ልብን በንዝረት የሚያስተካክል መሣሪያ ያለው ከሆነ ግን መንፈራገጡን የልብ ሕመም አድርጎ እንዳይቆጥረው መቆጣጠሪያው ለጊዜው ይዘጋል።

ነፍሰ ጡር ሴቶችም ከ1940ዎቹ ጀምሮ በኢሲቲ ታክመዋል። ከእርግዝናው እኩሌታ በኋላ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ስር እንዳይጫነው እናቲቱን በግራ ጎኗ ጋደል ማድረግ፣ የጽንሱን የልብ ምት ከሕክምናው በፊትና በኋላ መከታተል፣ የማሕፀንና የፅንስ ሐኪምም በአቅራቢያ እንዲኖር ማድረግ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ከክልከላ ዝርዝር ወደ ዝግጅት

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1978፣ በ1990ና በ2001 ስለ ኢሲቲ ሰፊ ዘገባዎችን አውጥቷል። የ2001ዱ ዘገባ ለኢሲቲ ፍጹም ክልከላ የሚሆን የሕክምና ሁኔታ እንደሌለ፣ ነገር ግን አደጋውን በእጅጉ የሚጨምሩ ሁኔታዎች እንዳሉ ይገልጻል። ከእነዚህም ውስጥ የቅርብ ጊዜ የልብ ጡንቻ ጉዳት፣ ያልተረጋጋ የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የልብ ድካም፣ የከፋ የልብ በር ሕመም፣ ሊፈነዳ የሚችል አኑሪዝም፣ የራስ ቅል ግፊት መጨመር፣ የቅርብ ጊዜ ስትሮክና ከባድ የሳንባ ሕመም ይገኛሉ። ዝርዝሩ ከቀድሞው ብዙ የተለየ አይደለም፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው። ድሮ ዝርዝሩ «ይህ ካለ ተው» ይል ነበር። አሁን «ይህ ካለ መጀመሪያ እርሱን አስተካክል፤ የልብ ሐኪሙንና ሰመመን ሰጪውን አማክር፤ ከዚያም የመታከምንና ያለመታከምን አደጋ መዝን» ይላል።

ቁጥሮቹም ይህን ይደግፋሉ። በ2017 ቶሪንግና ባልደረቦቹ የብዙ አገሮችን መረጃ አሰባስበው ባሳተሙት ትንተና ከ766,180 ሕክምናዎች 16 ሞቶች፣ ማለትም ከመቶ ሺህ ሕክምናዎች ሁለት ያህል ሞት ብቻ ተመዝግቧል። በ2021 ካስተርና ባልደረቦቹ በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከ2007 እስከ 2017 በድብርት ተኝተው ከታከሙት መካከል ኢሲቲ የተሰጣቸውን 5,008 መዝገቦች በዕድሜ፣ በሕመምና በሌሎችም ሁኔታዎች ከሚመሳሰሏቸው ኢሲቲ ካልተሰጣቸው ያንኑ ያህል መዝገቦች ጋር አነጻጽረዋል። በ30 ቀናት ውስጥ በደረሰ ከባድ የአካል ሕመም ኢሲቲ የተሰጣቸው ብልጫ አላሳዩም። እርግጥ ጥናቱ በዕጣ የተመደቡ ሕሙማንን ያነጻጸረ አይደለም፤ ሐኪሞች እጅግ የደከሙትን አስቀድመው ለይተው ትተው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት በአብዛኛው የተሟላ ሰመመንና ክትትል ካለበት ቦታ መሆኑንም ማስታወስ ያሻል። ቁጥሩን ወስዶ ዝግጅቱን መተው አይቻልም።

የማስታወስ ችግርና የሕመምተኛው ፈቃድ

ስለ ሕይወት ደኅንነት ብቻ ተናግሮ ስለ ማስታወስ ዝም ማለት ታሪኩን ማጉደል ነው። ከኢሲቲ በኋላ ለጊዜው መደናገር፣ ከሕክምናው በፊት የነበሩ የሳምንታትና የወራት ትዝታዎችን ማጣት የታወቀ ጉዳት ነው፤ አረጋውያንና አስቀድሞ የማስታወስ ችግር ያለባቸው ይበልጥ ይጠቃሉ። በ2003 በእንግሊዝ የታተመ የጥናቶች ግምገማ ከታከሙት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ዘላቂ የማስታወስ ጉድለት እንደተሰማቸው መናገራቸውን አሳይቷል። በ2007 ሳክሃይምና ባልደረቦቹ በኒውዮርክ ከተማ ባደረጉት ጥናት ጉዳቱ በአሮጌው የሞገድ ዓይነትና በሁለቱም የራስ ወገን በሚሰጥ ሕክምና የከፋ መሆኑን አረጋግጠዋል። በአጭር ምት የሚሰጥ ኤሌክትሪክና በቀኝ ወገን ብቻ የሚደረግ አቀማመጥ የተስፋፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ኢሲቲ በሕዝብ ዘንድ የተፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንዳንድ ተቋማት ያለ ሰመመን፣ ያለ ፈቃድ፣ አልፎ ተርፎም ለቅጣት መልክ ተሰጥቷል። በ1975 የወጣው «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የተሰኘ ፊልም ይህን ፍርሃት በዓለም ዙሪያ አሰራጨ። በ1972 የአሜሪካ ሴናተር ቶማስ ኢግልተን ቀደም ሲል በኢሲቲ መታከማቸው ሲታወቅ ከምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩነት ለመውጣት ተገደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ መመሪያ ኢሲቲ በሰመመንና ጡንቻ በሚያላላ መድኃኒት ብቻ እንዲሰጥ፣ ያለ እነዚህ የሚሰጠው እንዲቆም አሳስቧል። ህንድም በ2017 ባወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ ይህንኑ ከልክላለች። ስለዚህ ፈቃድ ስንጠይቅ ለልብ ያለውን አደጋ፣ ለማስታወስ ያለውን አደጋና ሳይታከሙ የመቅረትን አደጋ ሦስቱንም በሚገባ ቋንቋ ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ ማስረዳት ይገባናል።

ማጠቃለያ

ከሮም እስከ ኦንታሪዮ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያስተምራል። ደኅንነት የተገኘው ሕክምናውን ለሁሉ በመስጠትም ሆነ ለሁሉ በመከልከል ሳይሆን፣ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ በማወቅ ነው። ስብራቱ ከጡንቻ፣ የልቡ ጭንቀት ከነርቮች፣ የልብ መቆሙ ከፖታስየም መሆኑ ሲታወቅ ለየአንዳንዱ መከላከያ ተገኘለት። መከላከያው ራሱ አዲስ አደጋ ይዞ ሲመጣም እንደገና ተጠየቀ።

በአገራችን የልብ በር ሕመም በወጣትነት ዕድሜ ጭምር የሚታይ በመሆኑ፣ «ከፍተኛ አደጋ ያለበት ሕመምተኛ» ስንል ሽማግሌውን ብቻ ልናስብ አይገባም። የሠላሳ ዓመት ሴትም የጠበበ የማይትራል በር ይዛ በከባድ ድብርት ልትተኛ ትችላለች። ሰመመን ሰጪ፣ ኦክስጅን፣ የልብ ክትትልና የትንሣኤ ልብ ወሳንባ ዝግጅት በሌለበት ቦታ ኢሲቲ መስጠት ታሪኩን ወደ 1940 መመለስ ነው። ዝግጅቱ ባለበት ደግሞ «ልብ አለበት» በሚል አንድ ቃል ብቻ ሕመምተኛን መመለስ ተገቢ አይሆንም።

ኢሲቲ የማይሰጥ የጤና ባለሙያም ትልቅ ድርሻ አለው። የልብ ድምፅ ማዳመጥ፣ የደም ግፊትን መዝግቦ መላክ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን በዝርዝር መጻፍ፣ ሕመምተኛው ከመቼ ጀምሮ እንዳልበላና እንዳልተንቀሳቀሰ መጠየቅ፣ የእርግዝና መኖር አለመኖርን ማረጋገጥ፣ እነዚህ ሁሉ በጤና ጣቢያ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። በአንዲት የሪፈር ወረቀት ላይ በጥንቃቄ የተጻፉ አምስት መስመሮች፣ ያ ሕመምተኛ ሆስፒታል ሲደርስ ልቡም ሕይወቱም እንዲተርፉ ያግዛሉ።